የአነስተኛ መስኖ ገበሬ አሠራሩን የሚለውጠው መቼ ነው? ከጅማ የተነሣ ጥያቄና 21 ምላሾቹ

ይህን የጽሑፍ ውይይት የከፈትኩት እኔ በመሆኔ ጥያቄውን ከነመነሻው አስቀድሜ ልግለጽ። ቤተሰቤ በቀርሳ ወረዳ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰርቦን አለፍ ብሎ፣ ወደ ግልገል ጊቤ ከሚገቡት ትናንሽ ወንዞች አንዱን በባህላዊ መንገድ ጠልፎ ሩብ ሄክታር የምትሆን መሬት በበጋ ያለማል። በዚያ ቦይ የሚጠቀሙት አባወራዎች ሁሉ ወንዙ ከጥር በኋላ እየሳሳ መምጣቱን፣ የበልጉ ዝናብም በለመዱት ጊዜ አልመጣ ማለቱን ያውቃሉ። ሆኖም ገሚሱ የበጋ በቆሎውን ትቶ ወደ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲዞር፣ መስመር አውጥቶም በትልም ማጠጣት ሲጀምር፣ ሌላው ገሚስ መሬቱን እንደ ድሮው በማጥለቅለቅ ያጠጣል፤ ዘሩንም አልለወጠም። ስለዚህ አንድ አነስተኛ የመስኖ ገበሬ አሠራሩን ለመለወጥ የሚወስነው በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ጠየቅሁ። የራሴንም ግምት ጨመርኩ፦ የተማረና የባለሙያ ምክር ያገኘ ይለውጣል፣ ያላገኘ ይቆያል የሚል ነበር። ከዚህ በታች የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ።

1ኛው ምላሽ ለረጅም ዓመታት በልማት ሠራተኝነት ካገለገሉና አሁን ጡረታ ከወጡ ሰው የመጣ ነው። በትሕትና ካመሰገኑኝ በኋላ ግምቴን በከፊል ደገፉልኝ። በናይል ተፋሰስ የኢትዮጵያ ክፍል በ1,000 አባወራዎች ላይ የተደረገውን የታወቀ ጥናት አንስተው፣ የትምህርት ደረጃ፣ የግብርና ምክርና ብድር የማግኘት ዕድል ገበሬው ለአየር ንብረት ለውጥ በሚሰጠው ምላሽ ላይ ተጽዕኖ እንዳላቸው መረጋገጡን አስረዱ። ከዚህም የጠቀመኝ ተከታዩ ነጥባቸው ነው፤ ውሳኔው ሁለት እርከን እንዳለው፣ ገበሬው በመጀመሪያ ለውጡን እንደሚያስተውል፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ለማድረግ መቁረጥ ሌላ ጉዳይ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ተሻግሮ በሁለተኛው ላይ እንደሚቆም ጻፉ። በሥራ ዘመናቸው የተሳሳቱት፣ ያላስተዋለ ገበሬ ያለ እየመሰላቸው ስለ ዝናብ ሲያስተምሩ በመኖራቸው እንደነበር ማመናቸው ከልብ አስከብሯቸዋል።

2ኛው ምላሽ እርማት ነበር። ጸሐፊው አነስተኛ መስኖ የሚለውን ስያሜ እኔ በገበሬው የማሳ ስፋት መተርጎሜ ትክክል አለመሆኑን፣ በአገራችን አመዳደብ አነስተኛ የሚባለው ከ200 ሄክታር በታች የሚያለማ የመስኖ አውታር እንደሆነ፣ ከ200 እስከ 3,000 ሄክታር ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከፍተኛ እንደሚባል አስታወሰኝ። በ1ኛው ምላሽ ላይም አንድ ነገር አረመ። ግልገል ጊቤ የሚፈስሰው ወደ ኦሞ እንጂ ወደ ዓባይ እንዳልሆነ፣ ከዞናችን ወደ ዓባይ የሚሄደው በጎማ ወረዳ በኩል የሚነሣው የዴዴሳ ውሃ መሆኑን፣ ስለዚህ የናይል ተፋሰሱን ውጤት እንዳለ ወስዶ ለቀርሳ መጠቀም ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ገለጸ። ሁለቱንም እርማቶች ተቀብያለሁ።

3ኛው ምላሽ የውይይቱን አቅጣጫ የለወጠው ነው። በዴዶ ወረዳ የሚኖሩ፣ ባላቸውን በሞት ያጡና አራት ልጆች የሚያሳድጉ እናት በልጃቸው ስልክ የጻፉት ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። መሬታቸው በቦዩ ግርጌ፣ ከመጨረሻው በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ጉደኔ የሚባለውን የድንች ዝርያ ምርት በጎረቤታቸው ማሳ ላይ በዓይናቸው አይተዋል፤ ጥቅል ጎመን በሦስት ወር ገደማ ለገበያ እንደሚደርስና ከበቆሎ የተሻለ ገንዘብ እንደሚያስገባም ያውቃሉ። ሥልጠና ወስደዋል፣ ብድርም ተፈቅዶላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ውሃ የሚደርሳቸው በየዘጠኝ ቀኑ፣ ያውም በሌሊት ነው። አዲስ የተዛወረ የጎመን ችግኝ ሥር እስኪይዝ ድረስ በየሦስትና በየአራት ቀኑ ውሃ ካላገኘ እንደሚጠወልግ ስለሚያውቁ፣ ዘጠኝ ቀን የሚጠብቅ ሰው ጎመን መትከል እንደማይችል በቀላል ቋንቋ አስረዱ።

ያችን የተራ ሌሊት እንዲህ ገልጸዋታል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ባትሪ ይዘው፣ ትልቁን ልጅ ቀስቅሰው ይወጣሉ። ወደ ራስጌው እየወጡ ወደ ሌላ ማሳ የሚያስገቡትን አፎች አንድ በአንድ በእንሰት ኮባና በጭቃ ይደፍናሉ፤ እያንዳንዱን ደፍነው በእግራቸው ይረግጣሉ። ከዚያም ውሃውን ተከትለው ወደ ታች ሲወርዱ፣ በመካከሉ አንዱ ድፍን ተከፍቶ ያገኙታል፤ ቀዳዳው የተከፈተው በውሃው ግፊት ይሁን በሰው እጅ በጨለማ መለየት አይቻልም። ተመልሰው ይወጣሉ። ንጋት ላይ ውሃው ማሳቸውን ሲረግጥ ተራቸው አልቋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በቆሎውን ባይለውጥ ሰነፍ ተብሎ ሊወቀስ እንደማይገባው በመጨረሻ ጻፉ። ይህን ሳነብ፣ እናቴም ተመሳሳይ ሌሊት ስታሳልፍ እኔ ተኝቼ እንዳደርኩ አስታወስኩ።

4ኛውና 5ኛው ምላሾች አጫጭር ናቸው፤ አንዱ ምስጋና፣ ሌላው የድንች ዘር የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ነው።

6ኛው ምላሽ ቃናውን አከረረው። በከተማ የሚኖር መሆኑን ራሱ የገለጸ ሰው፣ ችግሩ ውሃ ሳይሆን አመለካከት እንደሆነ፣ ገበሬያችን አዲስ ነገር እንደሚፈራና ካልተገፋ እንደማይንቀሳቀስ ጻፈ። በ7ኛው ምላሽ ላይ የሴካ ጨቆርሳ ልጅ የሆነ ወጣት በቁጣ መለሰለት፤ 3ኛውን ምላሽ ማንበቡን ተጠራጠረ፣ ሌሊት ቦይ ላይ ያልቆመ ሰው ስለ አመለካከት እንዳይናገር አሳሰበ። ቁጣው አግባብ እንደነበረው አምናለሁ፤ ቃላቱ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሻካራ ነበሩ።

8ኛው ምላሽ ክርክሩን ወደ ቡና ወሰደው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፣ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የተመረጡትን በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የዚህ አካባቢ ገበሬ መትከሉን አስታውሶ፣ ለውጥ የሚፈራ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየጓሮው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ባልቆመ ነበር ሲል ተከራከረ። 9ኛው ምላሽ የሰጡት ደግሞ ራሳቸው ቡና አብቃይ የሆኑ አዛውንት ናቸው። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ዝርያው የተመረጠበትን የፈረንጅ ዓመት እንደሚያመለክት ካስረዱ በኋላ፣ ምሳሌው ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር እንደጎደለው ጠቆሙ። እርሳቸው የተከሉት ባለሙያው ስለነገራቸው ሳይሆን፣ በጎረቤታቸው ማሳ ውስጥ የሌሎቹ ፍሬ ጠቁሮ ሲረግፍ እነዚያ ዛፎች እንደያዙ መቆማቸውን ለሁለት ዓመት ካዩ በኋላ ነው። ደግሞም ቡና ሥሩን ሰድዶ አንድ ሳምንት ውሃ ቢያጣ አይሞትም፤ ሽንኩርት ግን ራስ በሚይዝበት ወቅት ውሃ ካጣ የዓመቱ ድካም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ውሳኔዎች እኩል ማየት እንደማይገባ፣ ወደ ዴዶዋ እናት ጉዳይ መመለስ እንደሚሻል መከሩ።

ምክሩ አልተሰማም፤ ከ10ኛው ምላሽ ጀምሮ ወሬው ወደ ጫት ሄደ። አንደኛው ተናጋሪ በመስኖ ውሃ ጫት ማልማት የምግብ እህልን ማጥፋት መሆኑን በምሬት ጻፈ። 11ኛው ምላሽ ግን ከርዕሳችን የወጣ የሚመስለውን ነገር መልሶ ወደ ርዕሱ አስገባው። ጸሐፊው ጫትን ለማወደስ እንዳልተነሣ ካስታወቀ በኋላ፣ ገበሬው ጫትን የሚመርጠው ያመለጠ ተራን ይቅር የሚል ተክል ስለሆነ፣ ውሃ ባገኘ ቁጥር ቀንበጥ ስለሚያወጣ፣ በበጋ ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚቆረጥና ገንዘቡ በእጅ ስለሚገባ እንደሆነ አስረዳ። በሌላ አነጋገር፣ በቦዩ ግርጌ ያለ ገበሬ ጫት ሲተክል ከማይታመን ውሃ ጋር ራሱን ማስማማቱ ነው። ይህን መቀበል ለእኔ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የጫት መስፋፋት በቤተሰባችን ያስከተለውን ጉዳት አውቃለሁ። ነገር ግን ነገሩ እውነት ነው፤ መላመድ የምንለው ሁሉ እኛ በምንወደው አቅጣጫ የሚሄድ አይደለም።

12ኛው ምላሽ የውሃ ሞተር ካለው ገበሬ ነበር። ሞተር የገዛ ሰው ከተራ ነጻ እንደሚወጣ፣ እርሱም ከገዛ ወዲህ ቲማቲምና ቃሪያ ያለ ሥጋት እንደሚተክል ገለጸ። ወጪውንም አልደበቀም፤ ነዳጅ በጀሪካን ለመግዛት በየጊዜው የድጋፍ ደብዳቤ ማስጻፍ እንዳለበት፣ ደብዳቤው ሲዘገይ ማሳው እንደሚደርቅ፣ መለዋወጫውን ለማግኘት ጅማ ድረስ እንደሚመላለስ ዘረዘረ። እስከዚህ ድረስ ጨዋነት የሞላበት ጽሑፍ ነበር።

13ኛው ምላሽ ከሁሉም የከረረው ነው። ከአንድ ወንዝ ግርጌ የሚያለማ ሰው፣ ከተራ ነጻ የወጣው ባለ ሞተር ያንን ነጻነት ያገኘው ከማን ወስዶ እንደሆነ ጠየቀ። በወንዙ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሞተሮች ሲመጡ ማንም እንዳላጉረመረመ፣ ቁጥራቸው ሲበዛ ግን በየካቲት ወር ከብቶች የሚጠጡት እንኳ እንደታጣ፣ የባለ ሞተሮቹ ቲማቲም ሲቀላ የግርጌው ሰው በቆሎ በቁሙ እንደነጣ ጻፈ። 12ኛውን ጸሐፊ በግል ሌባ ብሎ መጥራቱ ግን ተገቢ አልነበረም፤ ሁለቱ ከአንድ ወንዝ የሚያለሙ መሆናቸው እንኳ ሳይጣራ የተሰነዘረ ስድብ ነበር። የሁለቱ አለመስማማት ግን አንድ ነገር አሳይቶኛል። አንድ ገበሬ ብቻውን የሚወስደው ጥሩ ውሳኔ የሌላውን ገበሬ የውሳኔ በር ሊዘጋ ይችላል፤ ጥያቄዬን ስጽፍ ገበሬውን ብቻውን እንደቆመ አድርጌ ማሰቤ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር።

በ14ኛው ምላሽ ላይ 9ኛውን የጻፉት አዛውንት ተመልሰው መጥተው ሁለቱን አረጋጉ። በእርሳቸው አካባቢ ውሃውን የሚያከፋፍለው በገበሬዎቹ የተመረጠ የውሃ አባት እንደሆነ፣ እርሱም መስከረም ሲጠባ ቦዩን በደቦ እንደሚያስጠርግ፣ ከጠረጋው የቀረ ሰው ተራው ወደ መጨረሻ እንደሚገፋ አወሱ። የውሃ አባቱ በሚከበርበት ቦይ ግርጌ ያለውም ሰው አትክልት ይተክላል፤ ቃሉ በማይሰማበት ግን ራስጌው ላይ ያለው እንኳ ይፈራል፣ ነገ ከእርሱ በላይ ማን እንደሚጠልፍ ስለማያውቅ። ከዚህ ጋር አያይዘው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለእነዚህ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት እንደሰጠ፣ ይሁን እንጂ ማኅተም የያዘ ማኅበርና ውሃ የሚያካፍል ሰው በየቦታው አንድ እንዳልሆኑ በጥንቃቄ ጻፉ። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ሌሊት ድፍኑን የከፈተውን ሰው ንጋት ላይ ጠርቶ የሚጠይቅ ሲኖር መሆኑን ገለጹ።

15ኛው ምላሽ ገበያውን አነሣ። ጸሐፊዋ በጅማ መርካቶ አትክልት የምትነግድ ስትሆን፣ ውሃ ተገኘ ማለት ብቻ ውሳኔውን እንደማይጨርስ አስረዳች። ሁሉም በአንድ ሳምንት ስለሚያዛውር ቲማቲሙም በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ደላላው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፣ ምርቱ የሚበላሽ ስለሆነም ገበሬው ይዞ መመለስ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአገራችን የታየው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ነፍሳት ተባይ ሲጨመርበት፣ ከቲማቲም ወደ ሽንኩርት የዞሩ ብዙዎች የዞሩት የኬሚካሉን ወጪ መሸከም ስላቃታቸው መሆኑን ነገረችን። ስለ ዝናብ ያነሣችው ነገር አልነበረም።

16ኛው ምላሽ የእኔ ነው። አባቴ ሽንኩርት ለመሞከር የቆረጠበት አንድ ዓመት እንደነበረ፣ ቦምቤይ ሬድ ተብሎ በታሸገ ቆርቆሮ የተሸጠለትን ዘር ከአንድ ነጋዴ መግዛቱን አወሳሁ። የችግኝ መደቡ በደንብ በቀለ፤ ከተዛወረ በኋላ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራስ ሳይዝ አበባ አወጣ። እናቴ አገዳውን ነቅላ ስትጥለው፣ አንዱን ተክል ቁርጥ አድርጋ ያሳየችኝን አልረሳውም፤ ታችኛው ክፍል ከነጭ ሽንኩርት ፍንካች የማይበልጥ፣ መካከሉ እንደ እንጨት የጠጠረ ነበር። ሻጩ ኃላፊነት አልወሰደም፣ ደረሰኝም አልነበረንም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ ወደ በቆሎው ተመለሰ። በመንደሩ የመጣ ባለሙያ አሠራሩን የማይለውጥ ገበሬ ብሎ መዝግቦት ከሆነ፣ ለውጦ የከሰረ ገበሬ መሆኑን አልጻፈም ማለት ነው።

17ኛው ምላሽ ገበሬው ወሰነ ማለት በራሱ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ በጠንካራ ቃል አሳሰበ። በእርሱ ቀበሌ በኩታ ገጠም የበጋ ስንዴ እንዲዘራ ሲወሰን፣ ለአትክልት ያዘጋጀውን መሬት መተዉን፣ ጥያቄ ያነሣም እንዳልነበረ ጻፈ። 18ኛው ጸሐፊ ይህን አልተቀበለም፤ በእርሱ ቦይ ላይ ስንዴው የተዘራው ተወያይተው ከተስማሙ በኋላ እንደሆነ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለዘራም ተራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጠብ እንደተከበረ መሰከረ። ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት እንደተናገሩ ይሰማኛል። በ18ኛው ታሪክ ውስጥ ግን ስንዴው ሳይሆን ስምምነቱ ሥራ እንደሠራ ልብ ማለት ይገባል።

እስከዚህ ከተነገረው ስነሣ፣ የመጀመሪያ ግምቴን እዚያው መድረክ ላይ ተውኩት። ትምህርትና ምክር ገበሬው ምን ሊደረግ እንደሚችል እንዲያውቅ ያደርጉታል፤ የሚቆርጠው ግን ውሃው በተባለው ቀን ማሳው እንደሚደርስ ሲያምን፣ ካልተሳካም ልጆቹ ከረሃብ የሚድኑበት ነገር በእጁ ሲኖር ነው። ይህን ስጽፍ 6ኛውን ምላሽ የሰጠው ሰው ባጭሩ መልሶ፣ በችኮላ መፍረዱን ገልጾ የዴዶዋን እናት ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህ 19ኛው ምላሽ ነው።

20ኛው ከእርሳቸው ከዴዶዋ እናት መጣ። ይቅርታውን መቀበላቸውን በአንድ መስመር ካሰፈሩ በኋላ የሆነውን ነገሩን። ልጃቸው 14ኛውን ምላሽ ካነበበላቸው በኋላ፣ እንደ እርሳቸው ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ወደ ውሃ አባቱ ሄደዋል። የጠየቁት ተጨማሪ ውሃ ሳይሆን የተራው ሰዓት ከሌሊት ወደ ቀን እንዲዛወርላቸውና የሦስቱ ተራ ተያይዞ እንዲመጣ ነው፤ ሦስቱ አብረው ከሆኑ አንዷ ራስጌው ላይ፣ አንዷ መካከሉ ላይ፣ አንዷ ማሳው ላይ መቆም ይችላሉ። ከሽማግሌዎች ጋር ሁለት ጊዜ ከተነጋገሩ በኋላ ቀኑ ተፈቀደላቸው፤ ዘጠኝ ቀኑ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ዘንድሮም ጎመን አይተክሉም። ከማሳቸው ሲሶውን ለሽንኩርት ሊያውሉ አስበዋል፣ የቀረው በቆሎ ሆኖ ይቆያል። መደቡን መቼ መጣል እንዳለባቸውና በዘጠኝ ቀን ውሃ ሽንኩርት ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ።

21ኛው ምላሽ መልሴ ነው። በአክብሮት እንዲህ ጻፍኩላቸው፦ መደቡን ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም መጨረሻ ቢጥሉ፣ ከ45 ቀን ገደማ በኋላ በኅዳር አጋማሽ ያዛውሩታል፤ ችግኙን ማዛወር ያለባቸው ተራቸው በሚደርስበት ዕለት ነው። በሁለት ረድፎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ በችግኞች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ ውሃው ለሚሄድበት ትልም ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቸጋሪ ስለሆኑ፣ በተራዎቹ መካከል ከጓሮ ጉድጓድ በባልዲ ማጠጣት የሚችሉትን ያህል መደብ ብቻ ያዛውሩ፤ ሲሶው ቢበዛ ከዚያም ያንሱ። ሥር ከያዘ በኋላ በረድፎቹ መካከል ደረቅ ሣር ቢጎዘጉዙ አፈሩ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ዘሩን ከመግዛታቸው በፊት የታሸገበትን ቀን ያንብቡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ሃያ ያህል ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ስንቱ እንደሚበቅል ይዩ። ይህ ሙከራ ዘሩ መብቀሉን እንጂ ዝርያው ትክክለኛ መሆኑን እንደማያሳይ፣ አባቴን የጎዳውም ይኸው እንደነበረ ጨምሬ ገለጽኩላቸው፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጥሩ ራስ ያወጣ ጎረቤት ካለ፣ ዘሩን ከየት እንደገዛ መጠየቁ ይሻላል። ልጃቸው መልእክቱን እንዳነበበላቸውና ከወንዙ ራስጌ የምትኖር አንዲት ዘመዳቸውን ሊጠይቁ መሄዳቸውን በማግሥቱ ነገረኝ።